የጣዎሱ ሱቅ፦ አንድ የጌጣጌጥ ቤት ስለ ዋጋ የሚነግረን

በፓሪስ፣ ማሬ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ የከተማይቱን ታሪክ የሚያስጎበኝ ካርናቫሌ የተባለ ሙዚየም አለ። በዚህ ሙዚየም ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ የሌለው አንድ ሱቅ ይገኛል። ባንኮኒው አለ፤ የመስታወት ሣጥኖቹም አሉ፤ ገዥና ሻጭ ግን የለም። ሱቁ የጌጣጌጥ ነጋዴው የዦርዥ ፉኬ ነበር። ነጋዴው በ1901 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በርዋያል ጎዳና ቁጥር 6 ከፈተው፤ ንድፉን ከወለል እስከ ኮርኒስ ያወጣለት ደግሞ ሠዓሊው አልፎንስ ሙካ ነው። በ1923 ተነቃቀለ፣ በ1941 ፉኬ ለሙዚየሙ ሰጠው፣ በ1989 እንደገና ተገጣጠመ። ቁጥሮቹን አስሉልኝ። ቤቱ ለንግድ ያገለገለው 22 ዓመት ብቻ ነው። ተነቃቅሎ እንደገና ክፍል ሆኖ እስኪቆም 66 ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ ሲያስተናግድ የቆየበት ጊዜ ገዥ ካስተናገደበት ጊዜ በልጧል። እንግዲህ ለ22 ዓመት ብቻ ያገለገለ የባለጸጎች መገበያያ ይህን ሁሉ ድካም ይገባዋል ወይ? ይገባዋል ነው የምለው፤ ምክንያቴንም ላስረዳችሁ። አንድ ጌጥ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ለብቻው ቢቀመጥ እንዴት እንደተሠራ ይነግረናል። ሰዎች ለምን ያን ያህል ገንዘብ እንደከፈሉበት ግን አይነግረንም። ያንን የሚነግረን ጌጡ የተሸጠበት ክፍል ነው። የፉኬ ክፍል ደግሞ ይህን ከሌሎች ይልቅ አጥርቶ ይናገራል፤ ምክንያቱም የተሠራው ስለ ዋጋ በሚካሄድ ክርክር መካከል ነው።

ከሰዎቹ ልጀምር። ዦርዥ ፉኬ ለሙያው እንግዳ አልነበረም። አባቱ አልፎንስ ፉኬ በኦፔራ ጎዳና የታወቁ ጌጣጌጥ ሠሪ ነበሩ፤ ልጁ ሥራውን የተረከበው በ1895 ነው። ሙካ ከሞራቪያ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ከምንለው አገር፣ የመጣ ሠዓሊ ነበር። ለተዋናይቱ ለሳራ ቤርናር የሠራው ፖስተር በ1895 መባቻ በፓሪስ ግድግዳዎች ላይ በተለጠፈ ማግስት ስሙ ገነነ። ሁለቱ ሰዎች አብረው ከሠሯቸው ጌጦች ይበልጥ የታወቀው በ1899 ለዚችው ተዋናይት የተዘጋጀው የእባብ አምባር ነው። ወርቅ፣ ኢናሜልና ኦፓል አለበት፤ እባቡ አንጓ ላይ ይጠመጠማል፣ ራሱ በእጅ ጀርባ ላይ ይተኛል፣ ከጣት ቀለበት ጋርም በቀጫጭን ሰንሰለት ይያያዛል። በ1900 በፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ፉኬ በሙካ ንድፍ የተሠሩ ጌጦችን አቀረበ። በዓመቱ አዲሱን ሱቅ ሲከፍት ሥራውን ለአርክቴክት አልሰጠም። የቤቱን ፊት፣ የዕቃ ሣጥኖቹን፣ መብራቱን፣ ወለሉንና የቤት ዕቃውን ሁሉ ለዚያው ፖስተር ሠሪ አደራ አለው። ደፋር ውሳኔ ነበር። ፉኬ ይህን ያደረገው ለውበት ብቻ ነው ቢባል አይበቃም፤ የሚሸጠው ዕቃ ክፍሉን ይፈልገው ነበር።

ይህ እንዲገባን የጌጥ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ እናስታውስ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱ አይጠፋውም፦ ወርቁ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ካራቱ ይነገራል፣ ግራሙ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል፣ በላዩ የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል። ገዥው የሚተማመነው በሚዛኑ ነው፤ ቢቸግረው መልሶ ሲሸጠው የሚያገኘው የወርቁን ዋጋ እንደሆነ ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የፓሪስም ሚዛን ከዚህ ብዙ አልራቀም። በ1860ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ አልማዝ ከተገኘ ወዲህ የአውሮፓ ገበያ በድንጋይ ተጥለቀለቀ፤ የጌጥ ክብርም ይበልጡን በአልማዙ ብዛትና ግዝፈት ይለካ ጀመር። አንጥረኛው የድንጋይ ተሸካሚ ሠሪ ሆኖ ቀረ። አር ኑቮ የተባለውን አዲስ ስልት የያዙት ሠሪዎች ያመፁት በዚህ ላይ ነው። ሬኔ ላሊክ ከከብት ቀንድ ማበጠሪያ ሠርቶ በወርቅ ዋጋ ሸጠ። ፉኬም ኢናሜልን፣ ቅርጿ ያልተስተካከለ ዕንቁን፣ በወሎ ደላንታ ስለሚወጣ ለእኛም እንግዳ ያልሆነውን ኦፓልን ከትልልቅ አልማዝ አስበለጠ። ለዓይን ግሩም ነው። ነገር ግን ሚዛን ላይ ሲወጣ ከንቱ ነው፤ ኢናሜል እኮ ቀለም ገብቶበት የቀለጠ መስታወት ነው። ስለዚህ ገዥው በባንኮኒው ፊት ቆሞ «ለመስታወት ይህን ሁሉ ገንዘብ ለምን እከፍላለሁ?» ማለቱ አይቀርም ነበር። ሻጩ አፉን ሳይከፍት ይህን ጥያቄ የሚመልስለት ነገር ያስፈልገው ነበር። እኔ እንደማምነው ክፍሉ የተሠራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። በመጀመሪያ የሚያጋጥመን የሱቁ ፊት ነው፤ በመካከሉ ጌጦች የያዘች ሴት ሙሉ ቁመቷ በነሐስ ተቀርጾ ይታያል፣ ከበላይም የሴቶች ፊት የተሣለባቸው ባለ ቀለም መስታወቶች አሉ። ከፖስተሮቹ የምናውቃት የሙካ ሴት ናት፤ ያኔ በወረቀት ላይ ቴአትር ታስተዋውቅ ነበር፣ እዚህ ነሐስ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ወለሉ ሞዛይክ ነው። ዓምዶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ እንደ ግንድ ከመሬት የሚበቅሉ ይመስላሉ፤ ኮርኒሱ በአበባና በቅጠል ቅርጽ ተሞልቷል። የመስታወት ሣጥኖቹ እንጨት እንደ ሐረግ ይታጠፋል፤ ቀጥ ያለ መስመርና ሹል ማዕዘን የሚፈልግ ዓይን ብዙ አያገኝም። በአንድ ወገን የዛጎል ቅርጽ ያለው ምንጭ አለ፤ በመካከሉ የራቁት ሴት ሐውልት ቆማለች። ክፍሉን የሚገዙት ግን ሁለቱ ጣዎሶች ናቸው። በነሐስና በእንጨት የተሠሩ፣ በባለ ቀለም መስታወት ያጌጡ ናቸው። በላባቸው ላይ ያለው ዓይን መሰል ክብ በመስታወት እየተደገመ የሰውን ዓይን ወደ ራሱ ይስባል፤ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ወርቅማው ቀለም እንደ ብርሃኑ አመጣጥ ይለዋወጣል። ጣዎስ የድሎት ምልክት መሆኑ የቆየ ነገር ነውና ለጌጣጌጥ ሱቅ የተለመደ ምርጫ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ጣዎስ ውበቱ በክብደቱ የማይለካ ፍጥረት ነው። ላባው ሚዛን ላይ ቢወጣ ምንም አይመዝንም፤ ያም ሆኖ ያየው ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል። ቀንድና ኢናሜል ለሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ የእጅ ሥራ ቀረብ ብለን እንይ። ፉኬ ከሚታወቅባቸው ጥበቦች አንዱ ከጀርባው መደገፊያ የሌለው ኢናሜል ነው። በተለመደው ኢናሜል ቀለሙ የሚፈስሰው በብረት ወለል ላይ ስለሆነ ብርሃን አያልፍበትም። በዚኛው ግን ሠሪው ከወርቅ ሽቦ ቀጫጭን ክፍሎች ይሠራል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የመስታወት ዱቄት ይሞላል፣ በእሳት ያቀልጠዋል፤ ሲጠናቀቅ ከጀርባው ምንም ስለማይኖር ብርሃን ከኋላ ገብቶ ከፊት ይወጣል። የተርብ ክንፍ፣ የአበባ ቅጠል በዚህ ጥበብ ሲሠራ ሕይወት ያለው ይመስላል። በእሳቱ ላይ ትንሽ ቢሳሳቱ ይሰነጠቃል፤ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። አሁን ይህን ከግድግዳው መስታወት ጋር አስተያዩት። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያሉትን የአፈወርቅ ተክሌን መስታወቶች ያየ ሰው ሥራው ይገባዋል፦ ባለ ቀለም ቁርጥራጭ መስታወት፣ በመካከላቸው ጥቁር የብረት መስመር፣ ከኋላ ብርሃን። የደረት ጌጡ ላይ ያለው ኢናሜልና በሱቁ ግድግዳ ላይ ያለው መስታወት የሚሠሩት በአንድ ሐሳብ ነው፤ የሚለያዩት በመጠን ነው። ደንበኛው ከመንገድ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው ትልቁን መስታወት ነው፤ ያደንቀዋል። ከዚያ ሻጩ ከሣጥኑ ትንሿን ጌጥ አውጥቶ ብርሃን ላይ ሲይዛት ዓይኑ ቀድሞ ተምሯል፤ በጣት የምትያዘዋን ቁራጭ የሚያያት እንደ ትንሽ የካቴድራል መስኮት ነው። ጌጡ ብቻውን በዘመናዊ ሙዚየም ነጭ መብራት ሥር ቢቀመጥ ይህ ትምህርት ይጠፋል። ጌጡንና ክፍሉን አንድ ላይ ያዩ ሰዎች ግን ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሌሎች ነጋዴዎች ሌላ መንገድ መርጠው ነበርና ንጽጽሩ ሐሳቤን ያጠናክርልኛል። ካርቲዬ በ1899 ወደ ላ ፔ ጎዳና ቁጥር 13 ሲዛወር የሙጥኝ ያለው የድሮዎቹን ነገሥታት ስልት ነው፤ ጌጦቹም በፕላቲኒየምና በአልማዝ ያሸበረቁ፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የአበባ ጉንጉን የተቀዱ ነበሩ። አልማዝ ለሚሸጥ ሰው ይህ ልክ ነው፤ ገዥው የድንጋዩን ዋጋ ያውቃል፣ የሚፈልገው ማረጋገጫ ቤቱ የቆየና የተከበረ መሆኑን ነው። ፉኬ የሚሸጠው ሌላ ስለሆነ ክፍሉም ሌላ ሆነ። ሁለቱን ክፍሎች አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው ስለ ጌጥ የተያዙ ሁለት እምነቶች ፊት ለፊት ሲሟገቱ ታያላችሁ። በጽሑፍ የቀረ የሒሳብ መዝገብ ይህን ያህል አይነግረንም።

የዚህ ዓይነት ክፍል ምን ያህል እንደጠፋ ስናስብ የተረፈው ዋጋ ይጨምራል። አር ኑቮ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከአንድ ሱቅ ነው፤ ሲግፍሪድ ቢንግ በ1895 መጨረሻ በፓሪስ ፕሮቫንስ ጎዳና የከፈተው ቤት መጠሪያ ነበር። ሱቁ በ1904 ተዘጋ፣ ሕንፃውም ዛሬ የለም፤ ለአንድ ዘመን ስሙን የሰጠው ቤት ከስሙ በቀር አልተረፈም። አርክቴክቱ ኤክቶር ጊማር የሠራው አንድ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ በተመረቀ በጥቂት ዓመት ፈረሰ። በብራስልስ አርክቴክቱ ቪክቶር ኦርታ የሠራው «የሕዝብ ቤት» የተባለ ሕንፃ በ1965 ሲናድ ከተለያዩ አገሮች የተነሣው ተቃውሞ አላዳነውም። የሱቅ ክፍል ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ለጥፋት የተጋለጠ ነው። ቤተ ክርስቲያን ምእመን አለው፣ ቤተ መንግሥት መንግሥት አለው፤ ሱቅን ግን ባለቤቱ ፋሽን በተለወጠ ቁጥር ያድሰዋል፣ ያደሰውን ደግሞ ተከራዩ ይገለብጠዋል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላል አይደሉምና። ይበልጥ የሚከብደኝ «ይህ የባለጸጎች ቅንጦት ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የጥቂት ሰዎችን መገበያያ ለመጠበቅ ለምን ይውላል?» የሚለው ነው። ሐቅ አለው። በ1901 በዚህ በር የገባው ሰው ከከተማው ሕዝብ እጅግ ትንሹ ክፍል ነበር። ነገር ግን ክርክሩ ተጠብቀው የሚቆዩት ነገሮች ሁሉ ለባለቤቶቻቸው ክብር የሚጠበቁ ናቸው ብሎ ይነሣል። ሀብት እንዴት ይገዛ እንደነበር፣ ነጋዴ ሰውን እንዴት ያባብል እንደነበር ማወቅ ለድሀም ለሀብታምም የጋራ እውቀት ነው፤ እንዲያውም ከዚያ በር ውጭ የቆመው ሰው ልጆች የበለጠ ሊያውቁት የሚገባ ነው። ፈረንሳዮችም ቢሆኑ የጠበቁት የጌጣጌጥ ቤት ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ በፓሪስ ያሉ በርካታ ዳቦ ቤቶች፣ በመስታወት ላይ የተሣሉ የስንዴ ነዶዎቻቸውና የአጫጆች ሥዕሎቻቸው ሳይቀሩ፣ በታሪካዊ ሐውልትነት ተመዝግበዋል። የዳቦ ገዥውና የአምባር ገዥው ክፍል እኩል ሲጠበቅ ከተማው የራሱን ንግድ ታሪክ ሙሉ አድርጎ ይይዛል። አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ ነው አድልዎ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ እኔም ሙሉ በሙሉ የምቀበለው አንድ ቅሬታ አለ። ክፍሉ የገዥውንና የነጋዴውን ታሪክ ሲናገር የሠራተኛውን ይሸፍናል። በሩ ላይ የተጻፈው የፉኬ ስም ነው። ብዙዎቹን ጌጦች የነደፈው ሻርል ዴሮዚዬ፣ ኢናሜሉን በእሳት የሚፈትነው ኤትየን ቱሬት በዚህ ክፍል ውስጥ አይታዩም። የሱቁ ውበት አንዱ ሥራ ድካሙን ከዓይን ማራቅ ነበር፤ ጭስ፣ አሲድ፣ የተቃጠለ ጣት እዚህ አይገባም። ይህ ግን ክፍሉን ለማፍረስ ምክንያት አይሆንም፤ አጠገቡ የወርክሾፑን መሣሪያና የሠራተኞቹን ስም ለማኖር ምክንያት ይሆናል። መደበቂያው ከሌለ ምን እንደተደበቀ ለማሳየት ያስቸግራል።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከቅርስ አዋቂዎች ነው። ክፍሉ ከጎዳናው ተነቅሏል፤ ርዋያል ጎዳና ከኮንኮርድ አደባባይ ወደ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ ሰፊ መንገድ ነው፣ የባለጸጎች ሠረገላ የሚመላለስበት፤ ካርናቫሌ ግን በጠባብ መንገዶች መካከል ያለ የድሮ መኳንንት ቤት ነው። ነሐሷ ሴት አሁን ፀሐይ አይነካትም፣ ዝናብ አይመታትም። ስለዚህ ያለን የሱቁ ቅርፊት ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ጉዳቱ እውነት ነው፣ ልሸፍነውም አልፈልግም። ከዚያው ጎዳና ቁጥር 3 ላይ ያለው ማክሲምስ ምግብ ቤት የዚያኑ ዘመን ጌጥ በቦታው እንደያዘ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ መምረጥ ቢቻል ሁልጊዜ ያንን እመርጣለሁ። በ1923 የነበረው ምርጫ ግን በቦታው ማቆየትና መንቀል አልነበረም። ምርጫው መንቀልና መጣል ነበር። ከተነቀለውም ያልጠፋው ዋናው ነገር፣ የጌጡና የክፍሉ የመጠን ዝምድና፣ የመስታወቱና የኢናሜሉ ንግግር፣ አሁንም አብሮ አለ። ጎዳናውን በፎቶግራፍና በካርታ መተካት ይቻላል። ክፍሉን ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም በክፍሉ የሚማረው አካል ነው፦ እንዲህ ያለ ጣዎስ አጠገብ ቆሞ ትንሽ ጌጥ ማየት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው እዚያ የቆመ ሰው ነው።

«ራሱ ባለቤቱ ያፈረሰውን እናንተ ለምን ትጠብቁታላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ጥያቄው ወደ ፉኬ ሕይወት ይመልሰናል፤ መልሱም እዚያው ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሴቶች ልብስ አጠረ፣ ፀጉር ተቆረጠ፣ ጠመዝማዛው ሐረግ ያረጀ መሰለ። ነጋዴ ገዥው ያረጀ ነው የሚለውን ክፍል ይዞ መቆየት አይችልም፤ ፉኬም አልቆየም። በ1925 በፓሪስ ታላቁ የዘመናዊ ጌጥ ጥበብ ኤግዚቢሽን ሲካሄድ የጌጣጌጡን ክፍል የመራው እሱ ነው፤ ልጁ ዣን ፉኬ ደግሞ ቀጥ ባለ መስመርና በጂኦሜትሪ የሚሠራ አዲስ ትውልድ ጌጣጌጥ ሠሪ ሆነ። ማንም በዚህ ሰው ላይ ያለፈውን የሙጥኝ ብሏል ሊል አይችልም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጣዎሶቹን አልሸጣቸውም፣ ነሐሱን አላቀለጠውም። ከሱቅነት አወጣቸው፤ ከዚያ 18 ዓመት ቆይቶ፣ ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ በነበረችበት በ1941፣ ለከተማው ሙዚየም ሰጣቸው። የሱቁ ሕይወትና የክፍሉ ምስክርነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነጋዴው ራሱ ለይቶ አውቋል ማለት ነው። ሱቅ መለወጥ አለበት የሚለውን ክርክር የምቀበለው በዚህ መንገድ ነው፤ ይለወጥ፣ ሲለወጥ ግን የሚነቀለው ይቆጠር፣ ይሣል፣ ፎቶ ይነሣ፣ ዋነኛው ክፍል ቦታ ይፈለግለት።

ካርናቫሌን የመጎብኘት ዕድል ለሚገጥማችሁ አንድ ነገር ልጠቁም። ብዙ ሰው ወደ ክፍሉ ገብቶ ጣዎሶቹን ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። እናንተ ባንኮኒው አካባቢ ቆም በሉ፤ ገዥው ይቆምበት በነበረበት። ዓይናችሁ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ከዚያ ወደ መስታወት ሣጥኑ በምን መንገድ እንደሚወርድ ተከታተሉት። ያ መንገድ ከ1901 በፊት ታስቦበት የተቀየሰ ነው። የሙዚየሙን ቋሚ ስብስብ ለማየት ክፍያ አይጠየቅም። በርዋያል ጎዳና ሳለ መግዛት የማይችለው መንገደኛ ነሐሷን ሴት ከእግረኛ መንገድ ላይ ሆኖ አይቷት ያልፍ ነበር፤ አሁን እሷም ከእሱ ጋር ከውስጥ ናት፣ ባንኮኒውም ለሁሉም ክፍት ነው።